ሙዝ ጨረር አለው፤ የጋለፕ የጉድጓድ ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው

ውድ እኅታችን፣ ባለቤትዎ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በጋለፕ ከተማ ሥራ ማግኘቱን፣ ልትከራዩት ያሰባችሁት ቤትም ከከተማው ወጣ ያለና የራሱ የጉድጓድ ውሃ ያለው መሆኑን ጽፈዋል። አካባቢው ቀድሞ ዩራኒየም ይወጣበት ስለነበር ቢሰጉ አንድ ወዳጅዎ «ሙዝም እኮ ጨረር አለው፤ ምን ያስፈራል?» እንዳለዎት፣ እርስዎም ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ለልጅዎ ሙዝ መስጠት እንደፈሩ ነግረውናል። እኔ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ የጭነት መኪና እየነዳሁ በጋለፕ በኩል የሚያልፈውን ቁጥር 40 አውራ ጎዳና ከተመላለስሁበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ወዳጅዎ ስለ ሙዙ የተናገረው እውነት ነው። ሙዝ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ በምድር ላይ ካለው ፖታሲየም ሁሉ ደግሞ ከአሥር ሺህ አተሞች አንዱ ያህል ፖታሲየም 40 የሚባለው ጨረር አመንጪ ዓይነት ነው። በአንድ መካከለኛ ሙዝ ውስጥ በየሴኮንዱ ከአሥር የሚበልጡ እንዲህ ያሉ አተሞች ጨረር እየረጩ ይፈርሳሉ፤ ድንቹም፣ ባቄላውም፣ ምስሩም ከዚህ አያመልጡም። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥማ ከዚሁ ከፖታሲየም ብቻ በየሴኮንዱ ከ4 ሺህ በላይ አተሞች ይፈርሳሉ። አንድ ጊዜ ከሎንግ ቢች ወደብ የወለል ሴራሚክ የሞላ ኮንቴይነር ጭኜ ስወጣ የጨረር መፈተሻው በር ጮኸብኝ። ወደ ጎን አቁመውኝ አንድ ሠራተኛ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ ኮንቴይነሩን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ዞረው። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ስጠብቅ፣ እርሱ መሣሪያውን አየት አድርጎ «ሸክላው ነው» ብሎ አሰናበተኝ፤ ሙዝ የጫኑ መኪኖችም በሩን እንደሚያስጮኹት ሳቅ እያለ ነገረኝ። ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁትን ነገር በዚያች ቅጽበት መርሳቴ አሁንም ያሳፍረኛል።

ይሁንና ሙዙ የማይጎዳበት ምክንያት ጨረሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰውነት የፖታሲየሙን መጠን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ልጅዎ ዛሬ ሁለት ሙዝ ቢበላ ጨረሩ በውስጡ እየተጠራቀመ አይሄድም። የወዳጅዎ ንጽጽር የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው፤ ከማዕድኑ የሚመጣው ነገር እንዲህ ባለ ሥርዓት አይገዛም።

ዩራኒየም ራሱ እጅግ በዝግታ የሚፈርስ ነው፤ ግማሹ እስኪፈርስ አራት ቢሊዮን ተኩል ያህል ዓመት ይፈጃል። የሚያስቸግሩት ከእርሱ የሚወለዱት ናቸው። ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ታጥቦ ዩራኒየሙ ሲወሰድ፣ ከእርሱ የተወለዱት ቶሪየምና ራዲየም የሚባሉት ጨረር አመንጪዎች በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ከመጀመሪያው የድንጋዩ ጨረር 85 በመቶ ያህሉ ከዝቃጩ ጋር ሜዳ ላይ ይከማቻል ማለት ነው። ከራዲየሙ ደግሞ ሬደን የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣል። በቂ አየር በማይገባባቸው ዋሻዎች ይቆፍሩ የነበሩት ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር ያለቁት በዚሁ ጋዝና ከእርሱ በሚወለዱት ብናኞች ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ካሣ የሚከፈልበትን ሕግ አውጥቷል።

ከ1944 እስከ 1986 ባለው ጊዜ በዚያው አካባቢ ከሚኖሩት የአሜሪካ ነባር ነዋሪዎች ከናቫሆ ሕዝብ መሬት 30 ሚሊዮን ቶን ያህል ማዕድን ወጥቷል፤ ተትተው የቀሩት የማዕድን ጉድጓዶች ከ500 ይበልጣሉ። ጋለፕ ላይ ጎማ የሚጠግንልኝ አንድ የናቫሆ ሰው አባቱ ከማዕድኑ ሲመለስ ልብሱ አቧራ ለብሶ ይመጣ እንደነበርና እናቱ ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ገበቴ በእጇ ታጥበው እንደነበር አጫውቶኛል። ከከተማው ብዙም በማይርቀው በቸርች ሮክ ሐምሌ 1979 የዝቃጭ ማቆሪያ ግድብ ተደርምሶ 1,100 ቶን ዝቃጭና ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ አሲድነት ያለው ውሃ ከብቶች ይጠጡበት በነበረው የፑርኮ ወንዝ ገባ። ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ በፔንስልቬንያ የደረሰውን የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር አደጋ ዓለም ሁሉ ሲያወራለት፣ የእረኞቹን ወንዝ ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

የኒውክሌር ቆሻሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከኃይል ማመንጫ የሚወጣውን ያገለገለ ነዳጅ ነው። እርሱ ቢጠጉት የሚገድል ቢሆንም መጠኑ ትንሽ ነው፤ በብረትና በኮንክሪት ታሽጎ፣ ተቆጥሮ፣ በዘበኛ ይጠበቃል። ለእናንተ የሚያሰጋው እርሱ ሳይሆን በነፋስና በጎርፍ የሚንቀሳቀሰው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥም የሚሰርገው ዝቃጭ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የጉድጓዱን ውሃ ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ በግል ጉድጓድ ላይ መንግሥት በየጊዜው የሚያደርገው ቁጥጥር የለምና የባለቤቱ ቃል ብቻውን አይበቃም። ዩራኒየምና አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ለሕዝብ የሚከፋፈል ውሃ የዩራኒየም ወሰኑ በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ዩራኒየም ከጨረሩ ይልቅ እንደ እርሳስ ባለ መርዝነቱ ኩላሊትን ይጎዳል። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበልጥ ይጠናል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛውን የሬደን መለኪያ በታችኛው ፎቅ አስቀምጡ፤ ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) ከደረሰ የጋዙን ማስወጫ ቱቦ እንዲያስገባ ባለቤቱን ጠይቁ። የውሃው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ለመጠጥም ለወጥም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ፤ ሙዙን ግን ለልጁ ከዛሬ ጀምሮ ይመልሱለት።