«ከነፈቃዱ» ስለሚሸጥ ፉድ ትራክ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለሌሎች ጠያቂዎች መልስ በማዘጋጅበት ሳምንት ነበር፤ የእነሱን አቆይቼ ያንቺን ለምን እንዳስቀደምኩ ከታች ይገባሻል። እንደጻፍሽልኝ ዕድሜሽ ሃያ ስድስት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናትሽና ከአጎትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርተሻል፤ በኮሙኒቲ ኮሌጅ የጀመርሽው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሁለት ሴሚስተር ይቀረዋል። አጎትሽ የሚያውቁት ሰው ዲሲ ውስጥ የሚሠራበትን ፉድ ትራክ (ምግብ እየተሠራ የሚሸጥበት መኪና) በ65 ሺህ ዶላር «ከነፈቃዱና ከነቦታው» ሊሸጥላችሁ ተስማምቷል። የወጣላችሁን ዕቁብ ጨምሮ 40 ሺህ ዶላር ተዘጋጅቷል፤ ቀሪው በየወሩ ይከፈላል፤ ሻጩ መልስ የሚፈልገው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ትምህርትሽን ማቋረጥ ይኖርብሽ እንደሆነ፣ እንግሊዝኛሽ ይበቃ እንደሆነ፣ የጾም ምግብ ብቻ መሸጥ ያዋጣ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። ከዚያም ስምሽን ከመጻፍሽ በፊት አንድ መስመር ጣል አደረግሽ፦ «ፈቃዱ ለጊዜው በሻጩ ስም ይቆያል ተብሏል፤ ይህ ችግር ይኖረው ይሆን?»

ችግር አለው፤ ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን ሁሉ የሚወስነውም እሱ ነው። ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጄኔሬተሩ፣ ሦስት ገንዳ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ከመኪናው ጋር ይሸጣሉ። ፈቃድ ግን የመኪና ዕቃ አይደለም፤ ከተማው የሚሰጠው አመልክቶ ለተፈቀደለት ሰው ወይም ኩባንያ ነው፣ እሱም ለሌላ ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ ሻጩ «ከነፈቃዱ» ሲል ወይ የማይሸጥ ነገር እየሸጠ ነው፣ ወይ በእሱ ስም እየሠራሽ በየወሩ እንድትከፍዪው እየጠየቀ ነው። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሁለተኛው ነው። አንዳንዱ አዋቂ ነኝ ባይ «እንግዲያውስ ኩባንያውን ራሱን ግዙት» ይላችሁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ያልተከፈለውን ግብርና የተከመረውን የፓርኪንግ ቅጣት ሁሉ አብራችሁ እንደምትገዙ ሳታውቁ አትፈርሙ።

በአንድ ቃል «ፈቃዱ» የሚባለው በእውነቱ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚሰበሰብ የወረቀት ክምር ነው። የንግድ ፈቃዱን የሚሰጠው የዲሲ የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የቀድሞው ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሁለት ሲከፈል የተቋቋመ ስለሆነ፣ ሻጩ የቀድሞውን ስም እየጠራ የሚያሳይሽን ወረቀት ቀኑን ተመልከቺው። ጤና ቢሮው መኪናውን ራሱን ይመረምራል፤ እጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው የተለየ መሆኑን፣ ቀዝቃዛው ምግብ ከ41 ዲግሪ ፋራናይት አለመብለጡን፣ ትኩሱ ከ135 አለመውረዱን ያያል። ሽሮ በእሳት ላይ ሲንተከተክ ማንም አይጠይቅሽም፤ ከቀትር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል በድስቱ የቀረውን ሽሮ ነው በቴርሞሜትር የሚለኩብሽ። ጋዝ ከተጠቀምሽ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንድ ፉድ ትራክ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ እናትና ልጅ ለሞት በመብቃታቸው፣ ይህንን ወረቀት እንደ ቢሮክራሲ የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ከዚያም መኪናው የሚታጠብበት፣ ውኃ የሚሞላበትና ቆሻሻ ውኃ የሚደፋበት ፈቃድ ያለው ኮሚሰሪ፣ የምግብ ደኅንነት ኃላፊነት ፈተና ያለፈ ሰው፣ በመጨረሻም ለከተማው ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳይ፣ እነሱ «ንጹሕ እጅ» የሚሉት ማስረጃ አለ። የመኪናው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትም በደንቡ ተወስኗል፤ ሜትር ይዘሽ ሄደሽ ለኪው።

«ከነቦታው» የሚለው ደግሞ ከፊተኛውም የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ዲሲ ፉድ ትራኮችን የምታስተዳድረው ለአይስክሬም መኪና በወጣ ደንብ ነበር፤ መኪናው የሚቆመው ተሰልፎ የሚጠብቅ ገዢ እስካለ ድረስ ነበር፣ ሰልፉ ሲያልቅ መንቀሳቀስ ነበረበት። በዚያ ዓመት ሰኔ የከተማው ምክር ቤት አዲስ ደንብ ሲያጸድቅ፣ እንደ ፋራገት አደባባይ ያሉ ገበያ ያለባቸው ቦታዎች ተለይተው በየወሩ በሎተሪ የሚታደሉ ሆኑ። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ከእነዚያ ቦታዎች ቢያንስ 200 ጫማ ርቆ፣ በሕጋዊ የፓርኪንግ ሜትር ላይ፣ ሜትሩ የሚፈቅደውን ሰዓት አክብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሻጩ «ቦታዬ» የሚለው የወጣለትን ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ በወሩ ያልቃል። ሐውልቶችና ሙዚየሞች ባሉበት ሰፊ ፓርክ፣ በናሽናል ሞል ዙሪያ ቱሪስት ሲግተለተል አይተው «እዚያ እንቆማለን» ያሉት አጎትሽም የፓርኩ መሬት የፌዴራል መንግሥት መሆኑንና የከተማው ፈቃድ እዚያ እንደማይሠራ ይወቁት። እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መሸጥ የሚለው ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ የዲሲ ወረቀት የዲሲና የሜሪላንድ ወሰን የሆነውን ኢስተርን አቬኑን ከተሻገርሽ በኋላ ዋጋ የለውም፣ ሜሪላንድ የራሷ ካውንቲ፣ የራሷ ጤና ቢሮ አላት።

በሰው ስም መሥራት ምን እንደሆነ የማውቀው ከደንብ መጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997፣ በሌላ ትልቅ ከተማ፣ የሆት ዶግ ጋሪ በሰው ፈቃድ ተከራይቼ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ሠርቻለሁ። ወረቀቱ በላስቲክ ተለብጦ በጋሪው መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስሙም ፎቶውም የባለፈቃዱ ነው። አንድ ሐሙስ ቀን ኢንስፔክተሩ መጥቶ በእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ስሜን ጠየቀ። ጋሪው መኪና ላይ ሲጫን በድስቱ ያለው ውኃ ገና ትኩስ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ሲደፋ እንፋሎቱ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ባለፈቃዱ ያን ቀን ስልክ አላነሳም፣ በማግስቱም አላነሳም። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ኋላ የመጣው ነው፦ አፓርትመንት ለመከራየት ስሄድ ለሁለት ዓመት ሥራዬ የማሳየው አንድም ወረቀት አልነበረኝም። ግብሩ በእሱ ስም፣ ፈቃዱ በእሱ ስም፣ ደንበኛው የሚያውቀውም «የእገሌን ጋሪ» ነው።

ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የፈቃዱን ቁጥር በጣሪያ በመገደቧ፣ በሕጋዊ መንገድ ለሁለት ዓመት 200 ዶላር የሚከፈልበት ፈቃድ በጓሮ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ሲከራይ ኖሯል፤ እዚያ የሚከራይ ሰው ሌላ በር ስለተዘጋበት ነው ማለት ይቻላል። ዲሲ ግን የፉድ ትራክ ፈቃድ ቁጥር እንደዚያ አልገደበችም፤ የተገደበው ቦታው ነው፣ እሱም በዕጣ። አንቺ በራስሽ ስም ልታወጪው የምትችይውን ነገር ከሌላ ሰው የምትከራዪበት ምን ምክንያት አለ? አጎትሽ «ጊዜ እንቆጥባለን» ብለዋል። የሚቆጠበው ጥቂት ወር ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ በስምሽ ሊከማች ይችል የነበረው የሥራ ታሪክ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ይህን ደብዳቤዬን ታሳዪያቸው ይሆናልና በአክብሮት ነው። በመጀመሪያ ዙር የወጣ ዕቁብ ካፒታል አይደለም፤ ገና በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ለሻጩ ቀሪውን 25 ሺህ በየወሩ፣ ለዕቁቡ በየወሩ፣ ለኮሚሰሪው በየወሩ እየከፈላችሁ ጥር ሲመጣ ማን ውጭ ቆሞ ምሳ ይገዛል? ከወረርሽኙ ወዲህ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከቤቱ መሥራት በመጀመሩ የመሀል ከተማው የምሳ ገበያ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ማንም አልጠየቀውም መሰለኝ። ደግሞም «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ» ማለት ፍቅር ነው፣ ነገር ግን ንጋት ላይ ተነስቶ መኪናውን ከኮሚሰሪው የሚያወጣው፣ የፓርኪንግ ቅጣት የሚቆረጥበት፣ ኢንስፔክተር ፊት የሚቆመው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አጎትሽ አይደሉም። እናትሽ እንጀራውን ቤት ሊጋግሩ መስማማታቸውንም ጽፈሻል። የእናትሽን እንጀራ አልጠራጠርም፤ በትራክ ላይ የሚሸጥ ምግብ ግን ከመኖሪያ ቤት ማዕድ ቤት ወጥቶ አይሸጥም። ወይ ፈቃድ ካለው ጋጋሪ ይገዛል፣ ወይ እናትሽ ኮሚሰሪው ውስጥ ይጋግራሉ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምሠራውን ልንገርሽ። ከጋሪው በኋላ በማታ ተምሬ የምግብ ደኅንነት ፈተናውን አለፍኩ፣ ከዚያም ለዓመታት የፈቃድ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የሌሎችን ማመልከቻ ተቀበልኩ፤ ስለዚህ ለወረቀት አደላ ይሆናል፣ ይህንን ግምት ውስጥ አስገቢ። በዚህ ወር የኃላፊነት ፈተናውን ተመዝገቢ፤ ሆቴሉ ውስጥ የሠራሽው አራት ዓመት ግማሹን ትምህርት አስተምሮሻል፣ ትራክ ባትገዢም በወጥ ቤቱ ደረጃሽን ከፍ ያደርገዋል። አንድ በጋ በሰው ትራክ ላይ ተቀጥረሽ ሥሪ፤ ኮሚሰሪው ስንት እንደሚያስከፍል፣ ዕጣው በወር ውስጥ ስንት ቀን ደኅና ቦታ እንደሚያደርስ የምታውቂው ያኔ ነው። ለሻጩ ደግሞ በጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቅርቡለት፦ ዋጋው የመኪናውና የዕቃው ብቻ ይሁን፤ ቀብዱ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ፤ መኪናው በአንቺ ስም የጤናና የእሳት አደጋ ምርመራ ካላለፈ ቀብዱ ይመለስ። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም። ከተከፋ የወሩን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ ሁለት ሴሚስተር ነው፣ ያውም የሒሳብ አያያዝ፣ ትራክ የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ በወጡ ሳይሆን በደብተሩ ነው። የጾም ምግብ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ ሥጋ ለማይበላው የዲሲ ሠራተኛ እንግዳ አይደሉም፣ የሥጋ ማቀዝቀዣ ጣጣም ይቀንስልሻል።

እንግሊዝኛሽን በሚመለከት፣ ደንበኞች በትራኩ መስኮት ሲገዙ የሚያስፈልግሽን ያህል ሆቴሉ አስተምሮሻል። ለማመልከቻው ደግሞ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ክፍያም የለውም። ወደ ፈቃድ መስኮቱ ስትሄጂ አጎትሽን አስከትለሽ አስተርጓሚ አታድርጊያቸው፤ ቁጭ ከማለትሽ በፊት የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በስልክ ያገናኙሻል፤ የሻጩንም ፈቃድ ቅጂ ይዘሽ ሂጂና በማን ስም እንዳለ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል እዚያው አስነብቢው።