መልስ፦ ለአማርኛ ማረሚያ ሶፍትዌር «ፊደል» ወይስ «ሐመረ ጽሕፈት»?

እህቴ፣ ለድረ ገጽ ማሰሻ የሚሆን የአማርኛ ሆሄያት ማረሚያ ሠርተሽ «ፊደል» ልበለው ወይስ «ሐመረ ጽሕፈት» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ተያቸው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ያምራል» ብለዋል፤ ማማሩን እኔም አልክድም። «ፊደል»ን በላቲን ጽፈሽ ብትፈልጊ ግን ቀድሞ የሚመጣልሽ ካስትሮ ነው። የኩባውን ሰውዬ ከፍለጋ ገጽ ገፍቶ የሚያስወጣ ማረሚያ ገና አልተሠራም።

አንደኛ፦ እንደ እኔ ኮዱን ፕሮግራም ጻፊዎች የኮድ ጥቅል በሚያወርዱባቸው ማከማቻዎች፣ በኤንፒኤም ወይም በፓይፒአይ፣ የምታወጪው ከሆነ፣ ሁለቱም የጥቅል ስም በግዕዝ ፊደል አይቀበሉም። ስለዚህ ሰው የሚጽፈው የላቲኑን ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያለበትን ስም አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ፣ ሦስተኛው በራሱ ፈሊጥ ይጽፈዋል። «ጽሕፈት» ምን ምን ሆኖ እንደሚመጣ አስቢው።

ሁለተኛ፦ ከሞክሼ ሆሄያት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ከሚለያይ ፊደላት፣ ራቂ። ግድፈት የሚያርም ሶፍትዌር ራሱ በግድፈት የሚጻፍ ስም ሊኖረው አይገባም። እኔና ጓደኛዬ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው፣ ያንንም ወደ እኛ የሚለውጥ የኮድ ላይብረሪ ሠርተን ነበር። ጳጉሜን 5 ስትሆንም 6 ስትሆንም አይሳሳትም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት ጭምር ነው። ጓደኛዬ «ባሕረ ሐሳብ ካላልነው ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ተከራከርኩ። «አንተ ታሪክ አትወድም» ተባልኩ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው። ስሙን ስትፈልጊ የሚመጣው ትምህርቱና ስብከቱ ነው፤ ሰው እኛ ጋ የሚደርሰው ትዕግሥቱ ካለቀ በኋላ ነው። አጻጻፉ ደግሞ አለ፦ በመጀመሪያው ቃል ሕ፣ ህ፣ ኅ፤ በሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ከዚያም ሳ እና ሣ። ብታባዢው 36 ዓይነት ይሆናል፤ ተያይዞ የሚጻፈውን ሳንጨምር። አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ልጅ እኛን ፈልጎ ቢያጣን የራሱን ጻፈ። ጳጉሜን 6 ስትመጣ የውል ቀኖቹ ሁሉ ተዛቡበት። ያገኘን ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ቢሮው ነው። ለቴክኖሎጂ ጀማሪዎች ድጋፍ እሰጣለሁ ለሚል፣ ስሙን ለማልጠራው መሥሪያ ቤት አመለከትን። ተቀባይዋ ርእሱን አንብባ፣ ፋይሉን ሳትገልጥ፣ «የሃይማኖት ጉዳይ እዚህ አይታይም» ብላ ወረቀቱን ገፋችልን። የኮምፒውተር ሥራ ነው ስንላት «ታዲያ ስሙ ምነው?» አለች። ጓደኛዬ ባሕረ ሐሳብን ቀመረ ስለሚባለው ስለ እስክንድርያው ጳጳስ ድሜጥሮስ ማስረዳት ጀመረ። እሱ ሲያስረዳ መስኮቱ ተዘጋ፤ የማስገቢያው ቀንም በዚያው አለፈ። ሴትዮዋ ባለጌ ናት፤ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር።

በመጨረሻ «ዘመኖ» አልነው። ሞክሼ የለበትም፤ በላቲንም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይጽፈዋል። ከጎኑም ሁልጊዜ «የኢትዮጵያ ቀን መለወጫ» የሚል መግለጫ እናደርጋለን፤ የማያውቀን ሰው የሚፈልገው በስማችን ሳይሆን በችግሩ ነውና። ለውጡ ግን አድካሚ ነበር። ኮዱን ያስቀመጥንበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ፣ የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ ይመራል፤ ኤንፒኤም ግን የወጣ ጥቅል ስም አይቀይርም። አዲስ አውጥተሽ በአሮጌው ላይ «አትጠቀሙበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ትለጥፊበታለሽ፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ የለም።

«ትልልቆቹስ?» የሚል አይጠፋም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን «ጎ» አለው፤ ፈላጊው ሁሉ ግን «ጎላንግ» እያለ ይጽፋል። ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻም በ2002 «ፊኒክስ»፣ በ2003 «ፋየርበርድ» ተብሎ ሁለቴ ከሌሎች ስም ጋር ተጋጭቶ ነው በ2004 የአሁኑን ያገኘው። እነሱ ስም ሲቀይሩ ጋዜጣ ይጽፍላቸዋል፤ እኔና አንቺ ብንቀይር ተጠቃሚው ሥራውን የተውን ይመስለዋል።

ስለዚህ ያሰብሽውን ስም ለተለያዩ ሰዎች በስልክ ንገሪና በላቲን ጽፈው ይላኩልሽ። የተለያየ ከመጣ ጣዪው። አንድ ዓይነት ከመጣ ለማንም ሳታወሪ የመጀመሪያውን ስሪት ጭነሽ ያዢው። ታሪክ ወዳድ አጋር ካለሽ ደግሞ የስሪቶቹን መጠሪያ ለእሱ ተዪለት። የእኛ ስሪት ሁለት «ድሜጥሮስ» ይባላል፤ ጓደኛዬም ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።