የድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌት ያለ ማርሽ

አቦ ወንድሜ፣ የአባትህን የድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌት ማርሹን አውጥተህ፣ ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ እንዲዞር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል!

መጀመሪያ የኋላው ፔርኖ የሚገባበትን ክፍት እይ። አግድም ከሆነ እድለኛ ነህ። ጎማውን ወደ ኋላ እየሳብክ ካቴናውን ትወጥራለህ። ወደ ታች ብቻ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ፍሬም ብትፈልግ ይሻላል። በስፕሪንግ የሚሠራው የካቴና ማጥበቂያ ለዚህ አይሆንም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትይዝ ጉልበቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

የኋላው ጎማ የሚገባበትን የፍሬሙን ስፋትም ለካ። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 120 ወይም 126 ሚሊሜትር ናቸው፤ ለዚህ የሚሆነው ሞዞ፣ ማለት የጎማው መሃል ያለው ፔርኖውን የሚይዘው ክፍል፣ 120 ነው። ልዩነቱን ግራና ቀኝ በሮንዴላ ትሞላለህ። የፊትና የኋላው ጥርስ ግን በአንድ መስመር ይቁም፣ አለበለዚያ ካቴናው ይወጣል።

አንድ ነገር አደራ። ተራውን ሞዞ አስበይደህ እንዳትነዳ። ትክክለኛው ሞዞ ጥርሱን የሚቆልፍ፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ቀለበት አለው። እሱ ከሌለ ፍጥነት ለመቀነስ ስትሞክር ጥርሱ ሊፈታብህ ይችላል።

የፊት ፍሬኑን ፈጽሞ አታውልቅ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሜዳው ላይ ትደሰትበታለህ። ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ግን በሱ አትውረድ፤ ፔዳሉ እግርህን ጥሎት ይሄዳል።