ማይነስ 14 የሆነ ዓይን ሞራ ሲይዘው

ጥያቄ፦ 56 ዓመቴ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ነው የማደርገው፣ አሁን ማይነስ 14 ደርሷል። ጥልፍ ስይዝ ግን መነጽሬን አውልቄ ጨርቁን ወደ ዓይኔ አስጠጋዋለሁ። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይንሽን ሞራ ይዞታል፣ ተገፍፎ ሌንስ ይገባልሻል አለኝ። ያለ መነጽር መጥለፍ እችላለሁ? ለእንደኔ ዓይነቱ ዓይን አደጋ አለው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። ግን ቀድመው ይናገሩ፤ ሥራዬ ጥልፍ ነው፣ ቅርብ ማየት ነው የምፈልገው ይበሉ። ዝም ካሉ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሩቁን የሚያሳይ ሌንስ ነው። ያኔ የታክሲ ታፔላ ያለ መነጽር ያነባሉ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን መነጽር ሊፈልጉ ነው። ዕድሜ ልኩን መነጽር አውልቆ ቅርብ ያየ ሰው ይሄ ሲመጣበት ክው ይላል። ስለዚህ ሆን ተብሎ ማይነስ 3 ገደማ ቢተውልዎ ይሻላል ባይ ነኝ፤ 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ጥርት ብሎ ይታይዎታል፣ ለሩቁ ቀጭን መነጽር ይበቃል። ዛሬ የሚያዩት ግን 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። እሱ ይቀራል፤ ክሩም ከለመዱት አንሶ ይታይዎታል። ጥሩ መብራትና ማጉያ ያዘጋጁ።

የሌንሱን ቁጥር ለመምረጥ የዓይንዎ ርዝመት ሲለካ አይቸኩሉ። የብዙ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የእርስዎ ከ26 ሳያልፍ አይቀርም፣ ከኋላም ጎድጉዶ ሊሆን ይችላል። የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት መነጽርዎን 2 ቁጥር ያህል ሊያዛባው ይችላል። ሞራው በጣም ካልጠነከረ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያለበት ቦታ ያስለኩ፣ ስሌቱም ለረጅም ዓይን የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ።

አደጋው እውነት ነው። በረጅም ዓይን ውስጥ ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ የሳሳ ነው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የመላቀቅ ዕድሉም ከሌላው ሰው ይበልጣል። ሐኪሙ ብሌንዎን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን ቀድሞ ይይልዎት። ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ቢሆን ድንገት ብልጭታ፣ ዝንብ የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ በዚያው ቀን ይሂዱ። ስለማያምም ብዙ ሰው ነገ ዛሬ ሲል ይዘገያል፣ እባክዎ እርስዎ እንዳይዘገዩ።

አንዱ ዓይን ተሠርቶ ሌላው ማይነስ 14 ሆኖ ሲቆይ ሁለቱን የሚያስማማ መነጽር አይገኝም፣ ራስ ያዞራል። የሁለተኛውን ቀጠሮ ከመጀመሪያው ጋር አብረው ያስይዙ። በዚያ መሃል ለሰርግ የሚደርስ ቀሚስ ባይቀበሉ ደስ ይለኛል።