አልሮጡም ወይስ ዘግይተው ሮጡ?

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ነን። የ2024/25ን የውድድር ዘመን ባነሳን ቁጥር እንጣላለን። እሱ «ለማሊያው ግድ የላቸውም፣ ማንም አሰልጣኝ ቢመጣ አያድናቸውም» ይላል። እኔ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ባይ ነኝ። ጨዋታ እያየን ሰነፍ ተጫዋችን ካልተሳካለት አሰልጣኝ የምንለይበት መንገድ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩን እንይ። ዩናይትድ ያን ዓመት 18 ጊዜ ተሸንፎ፣ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዓመቱን የጀመረው አሰልጣኝ ቴን ሃግ በ9 የሊግ ጨዋታ 11 ነጥብ፣ እሱ ሲሰናበት በጊዜያዊነት የያዘው ቫን ኒስትሮይ በ2 ጨዋታ 4፣ ከዚያ የተረከበው አሞሪም በ27 ጨዋታ 27 ነጥብ አገኙ። ወንድምዎ «አሰልጣኝ ተቀያየረ፣ ምን ተለወጠ?» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ኤፕሪል 2025ን ያስታውሱት። በ13ኛው ቀን ኒውካስል 4 ለ 1 አሸነፋቸው። በ17ኛው ቀን በዩሮፓ ሊግ ከሊዮን ጋር በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 እየተመሩ እስከ 114ኛው ደቂቃ ደረሱ፤ ከዚያ ፈርናንዴዝ፣ ማይኖና ማጓየር አከታትለው አግብተው 5 ለ 4 አሸነፉ። ሦስት ቀን ቆይቶ በሜዳቸው በዎልቭስ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ግድ የሌለው ቡድን በ114ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል ተመርቶ ሦስት አያገባም። ስለዚህ በሊጉ «አይሮጡም» ያስባላቸውን ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

እኛ የምናገኘው መሀል ሜዳው ላይ ነው። የአሞሪም 3-4-3 አሰላለፍ (ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ ከሁለት የመስመር ተመላላሽ ጋር፣ ሦስት አጥቂ) መሀል ላይ ሁለት አማካይ ብቻ ነው የሚያቆመው። ተጋጣሚው ሦስት ካሰለፈ አንዱ ሁልጊዜ ነፃ ነው። ያንን ነፃ ሰው ወይ ከፊት ካሉት አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ወይ ከኋላ ካሉት ሦስቱ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ መያዝ አለበት። ማን መቼ እንደሚወጣ የሚለመደው በልምምድ ነው፤ አሞሪም የመጣው ደግሞ በኖቬምበር ነው። የቅድመ ውድድር ዝግጅት አላገኘም፣ በሳምንት ሁለት ጨዋታ እየተደረገ ለልምምድ የሚተርፈው ቀንም ትንሽ ነበር።

ሜዳ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። አጥቂው ጫና ለማድረግ ወደ ተጋጣሚው ተከላካይ ይሮጣል። ከኋላው ያለው አማካይ «ልውጣ ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ?» ብሎ አንድ ሰከንድ ያመነታል። በዚያች ሰከንድ ኳሷ በመካከላቸው ታልፋለች፣ ነፃው ሰው ዞሮ ፊቱን ወደ ጎል ያደርጋል። አማካዩ አሁን ከኋላው ሆኖ ሲያሳድድ ካሜራው ያገኘዋል። ሰፈሩ ሁሉ «አይሮጥም!» ብሎ ይጮህበታል። እሱ ግን የሮጠው አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ የዘገየ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል። በመስመር በኩልም ያው ነው። የግራ መስመር ተጫዋቹ ዶርጉ በፌብሩዋሪ እስኪመጣ ድረስ ቀኝ እግረኛው ዳሎ ብዙ ጊዜ በግራ የመስመር ተመላላሽነት ይሰለፍ ነበር። ኳስ ለማሻማት ወደ ቀኝ እግሩ መመለስ ስላለበት የተጋጣሚው ተከላካዮች ቦታቸውን ይይዙበታል።

በቤትዎ ለመለየት ይህን ይሞክሩ። ቡድንዎ ኳስ ሲነጠቅ ዐይንዎን ከኳሱ አንስተው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ለኳሱ የቀረቡትን ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ይዩ። አንዱ ወጥቶ ሁለቱ ከቆሙ፣ የወጣውም እጁን እያወናጨፈ ወደ ጓደኞቹ ከዞረ፣ ይህ የልምምድ ጉድለት ነው፤ ተጠያቂው አሰልጣኙ ነው። ሁለቱ ወጥተው ያው አንድ ተጫዋች በተደጋጋሚ ከቀረ ግን እሱን ይያዙት። በአንድ ጨዋታ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ሳያዩ አይፍረዱ። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ደግሞ ለብቻው ይመዝኑት፤ ያኔ ድካም ከስንፍና ጋር ይምታታል። የተሮጠ ኪሎ ሜትርም ብቻውን አያሳምንዎ፤ ኳስ የተነፈገ ቡድን ሲያሳድድ ብዙ ይሮጣል።

ስለዚህ በሜዳው ጨዋታ ለእርስዎ እናደላለን። የክለቡን አመራር ግን ሁለታችሁም ረስታችኋል። በጁላይ 2024 የቴን ሃግን ኮንትራት አራዝሞ፣ ተጫዋች ገዝቶለት፣ በኦክቶበር አሰናበተው። ከዚያም ለአራት ተከላካይ የተሰበሰበውን ቡድን በሦስት ለሚያጫውት ሰው አስረከበ።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾች አሰልጣኛቸውን ሆን ብለው ያስባርራሉ የሚባለው እውነት ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሱት ቼልሲና ሌስተር ናቸው። ቼልሲ በ2015 ሻምፒዮን በሆነ በሰባት ወሩ፣ ከ16 ጨዋታ 9ኙን ተሸንፎ 16ኛ ደረጃ ላይ ሳለ አሰልጣኙን ሞሪንሆን አሰናበተ። ሌስተር በ2016 ሻምፒዮን ያደረገውን አሰልጣኝ ራኒየሪን በፌብሩዋሪ 2017 ሲያሰናብት ከጃንዋሪ ጀምሮ አንድም የሊግ ጎል አላገባም ነበር፤ ረዳቱ ሼክስፒር ሲረከብ ግን አምስት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ደጋፊው «አያችሁ፣ ሲፈልጉ ይችላሉ» አለ።

ሆን ብሎ መሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን የሚያሳይ ማስረጃ በሁለቱም ላይ አልቀረበም። እኛ የምናየው እምነት ማለቁን ነው። ተጫዋቹ «ይህ ዕቅድ አይሠራም» ብሎ ካመነ ሠላሳ ሜትር ፈጥኖ ከመውጣቱ በፊት ያመነታል፤ ማመንታቱ ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል። ሌስተር ላይ ደግሞ አማካዩ ካንቴ ተሽጦ ነበር። በሻምፒዮናው ዓመት ከተከላካዮቹ ፊት ያለውን ሰፊ ሜዳ የሸፈነው እሱ ነበር፤ የሱ መሄድ የፈጠረውን ክፍተት በሌሎቹ ስንፍና ማመካኘት ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተጫዋቾች መጥፎ ሲጫወቱ ደሞዛቸው ለምን አይቆረጥም? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ መጥፎ መጫወት በኮንትራት ጥፋት አይደለም። በእንግሊዝ መቀጮ የሚጣለው በሥነ ምግባር ጉድለት ነው፣ ለምሳሌ ልምምድ ላይ በመዘግየት፤ ብዙውን ጊዜም ከሁለት ሳምንት ደሞዝ አይበልጥም። አሰልጣኙ በእጁ ያለው የቡድን ዝርዝሩ ነው። አሞሪም በዲሴምበር 2024 አጥቂዎቹን ራሽፎርድንና ጋርናቾን ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ከተደረገው ደርቢ ውጭ አድርጎ 2 ለ 1 አሸነፈ። በጃንዋሪ ደግሞ በልምምድ ሁሉን የማይሰጥ ተጫዋች ከማስቀመጥ የ63 ዓመቱን የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢያስቀምጥ እንደሚመርጥ ተናገረ። ራሽፎርድ በቀጣዩ ወር በውሰት ወደ አስቶን ቪላ ሄደ።