ስማችን ተመዝግቧል፣ ተራችን ግን መቼ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን አገልግሎት ደጅ ስለመጥናት። ሁለቱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከዘጌ ነው የተጻፉት። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተብያለሁ። ብቻውን መቀመጥ አይችልም፣ አንገቱም በደንብ አልጸናም። እስከ አምና አዝዬው እሄድ ነበር፤ አሁን ግን ከብዶኛል፣ ወገቤንም ያመኛል። ለዊልቸር ካስመዘገብኩት ቆይቷል። በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ስሙ ተይዟል፣ ሲመጣ እንደውላለን» ነው። ከእኔ በኋላ የተመዘገበች እናት ወስዳለች ሲባል ሰማሁ፣ አንጀቴ አረረ። ፊዚዮቴራፒም ወረፋ አለ ተባልኩ። ጎረቤት ደግሞ «ወጌሻ ጋ ውሰጂው፣ ሲታሽ ጅማቱ ይፈታል» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወጌሻው ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። አትውሰጂው። የልጅሽ ጡንቻ የሚገትረው ወልቆ ወይም ዞሮ አይደለም። ጉዳቱ አንጎሉ ላይ ነው፣ ለጡንቻው የሚደርሰው ትእዛዝ ተዛብቷል። በጉልበት ቢጎትቱት አይፈታም። እንዲያውም ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ስለሆነ ሊሰበር ይችላል፣ ዳሌውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ጎረቤቶችሽ በፍቅር እንደሚመክሩሽ አውቃለሁ፤ ይህን ግን እምቢ በያቸው።

ወደ ወረፋው ስንመጣ፣ ስም ደብተር ላይ መስፈሩ ብቻውን ተራ አያሲዝም። ማን ከማን እንደሚቀድም ካልታወቀና ቁጥር ካልተሰጠሽ፣ ከወረፋው የት ቦታ ላይ እንዳለሽ አንቺም አታውቂም፣ ምናልባት ጸሐፊውም አያውቅም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «መጣ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። የተመዘገበበትን ቀንና የተራ ቁጥሩን በጽሑፍ ስጡኝ በይ። ቀጥለሽ ደግሞ ዊልቸሩ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ከቢሮው በጀት ነው የሚገዛው ወይስ ከእርዳታ ድርጅት ነው የሚገኘው? ይሄ ጥያቄ ብዙ ነገር ይለውጣል። በበጀት ከሆነ የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቅ ብለሽ «የዘንድሮው ግዢ ስንት ነው፣ ልጄስ ገብቷል ወይ?» ማለት ያስፈልጋል። ከእርዳታ ከሆነ ግን ቀን የለውም። በድንገት ይመጣል፣ በጥቂት ቀን ታድሎ ያልቃል፣ ስልክሽ ከተዘጋ ለሌላ ያልፋል። ስለዚህ የአንቺን ብቻ ሳይሆን የዘመድ ወይም የጎረቤት ስልክም አስመዝግቢ። ቁጥር ከቀየርሽ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሄደሽ አሳውቂ።

ስለዚያች እናት እውነቱን ልንገርሽ። ልጇ ከልጅሽ በባሰ ሁኔታ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የመጣው ዊልቸር በእሱ ልክ ሆኖ ይሆናል። ለባሰበት ማስቀደም ተገቢ ነው። በደል የሚሆነው የሚቀድመው በምን መለኪያ እንደሆነ ተደብቆ ዘመድ ያለው፣ ሰው የሚያውቅ ሲያልፍ ነው። አንዲት እናት ይህን የማወቅ መብት የላትም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፣ ይህን በግልጽ ነው የምጽፈው። በአፍ ካልመለሱልሽ በጽሑፍ አስገቢ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የልጁን ዕድሜ፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ መቼ እንደተመዘገበ፣ የሚቀድመው በምን መለኪያ እንደሆነ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይሁን። ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺና ቤትሽ አስቀምጪ። መልስ ካጣሽ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እዚሁ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ የሚቀበለው በነጻ ነው። የአስተዳደር በደልን የሚያየው ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ምጽዋት የምትለምኚ እንዳይመስልሽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 26 የተሀድሶ አገልግሎት በተቻለ መጠን በጊዜ እንዲጀመር ይላል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ለቢሮዎች ምክንያት ሆኖ እንደሚያገለግል አውቃለሁ። አቅም ማነስ ግን ያለውን ጥቂት ነገር በግልጽ ተራ ከማደል አያግድም። ተራ ቁጥር ለመስጠት የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዊልቸሩ ሲመጣ ደስታው እንዳያጣድፍሽ። ልጅሽን የሚያህል ልጅ በአዋቂ ዊልቸር ተቀምጦ አይቻለሁ። ግራና ቀኙ ክፍት እንዳይሆን ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆበታል፣ እግሩ መርገጫው ጋ ሳይደርስ ተንጠልጥሏል፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ወድቋል፣ ወገቡ እየተንሸራተተ እናቱ በየደቂቃው በብብቱ ይዛ ወደ ላይ ትስበዋለች። እንዲህ ያለ ወንበር አከርካሪን ያጣምማል፣ መቀመጫን ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዊልቸር ማደል ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ ሰውየው ተለክቶ፣ ተገጥሞለት፣ አጠቃቀሙን ተምሮ፣ በኋላም ክትትል ሊደረግለት እንደሚገባ አስቀምጧል። ልክ የሚወሰደው ልጁ ተቀምጦ ነው፤ የዳሌው ስፋት፣ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ። ባሕር ዳር የአካል ተሀድሶ ማዕከል አላት፣ ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሉት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል የሪፈር ወረቀት አጽፈሽ ልኩን አስለኪውና ያንን ልክ ከቢሮው ፋይል ጋር አስይዢ። «ለልጄ የሚሆነው ይህ ነው፣ ከዚህ ውጪ የሆነ አትስጡኝ» ለማለት ያስችልሻል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ልጁ እየጠበቀ ማደጉ ነው። ሰውነቱ ተራውን አይጠብቅም። ፊዚዮቴራፒው ጋ አንድ ቀን ብቻ ቀጠሮ ብታገኚ እንኳ «እሹልኝ» አትበይ፤ «ቤት ውስጥ የማደርገውን አሳዩኝ፣ እያያችሁኝ ልሥራው» በይ፤ በስልክሽም ቅረጺው። በእኔ እምነት አልፎ አልፎ ከሚሰጥ ሕክምና በየቀኑ በትክክል መቀመጥና መተኛት ለእንዲህ ያለ ልጅ ይበልጣል። አናጢ ጋ ሄደሽ የማዕዘን ወንበር ማሠራት ትችያለሽ። ሁለቱ ጎኖቹ እንደ ቤት ጥግ የሚገጥሙ፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ያለው፣ እግሩ መካከል ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጉብታ ያለበት ይሁን። መጠኑን ባለሙያው ይንገርሽ። እንጨት ከተወደደ ወፍራም ካርቶን በዱቄት ሙጫ ደራርቦ በማጣበቅም ጠንካራ መቀመጫ ይሠራል።

ስታበይው ተኝቶ ወይም አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ አይሁን። ምግብ ወደ ሳንባ የሚገባው እንዲያ ሲሆን ነው፤ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች አንዱ መነሻው ይሄ ነው። ቀና ብሎ፣ አገጩ ጥቂት ወደ ደረቱ ወርዶ፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረስ። የሚጥል በሽታም ካለበት መድኃኒቱን አታቋርጪ። ድንገት ማቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ትምህርት ቤትንም ዊልቸር እስኪመጣ ብለሽ አታቆዪው። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ የመማሪያ ጊዜው ነው። አቅራቢያሽ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄደሽ አስመዝግቢው፤ ካልተቀበሉት ምክንያቱን ጽፈው ይስጡሽ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፍላችሁ። ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። የመንግሥት እርዳታ ይሰጠዋል ብለው መዝግበውት ነበር፣ አሁን ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል አሏት። እንዲያ ባለ ሀብታም አገር ወረፋ ይኖራል ብዬ አላምንም። ወደ ቴክሳስ ልሂድ፣ ኑሮው ይረክሳል ትላለች። እኔ ደግሞ ወደ አገርሽ ግቢ ልላት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባታችን፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንዲህ ያለውን አገልግሎት የሚጠብቁ ሰዎች ከ700,000 በላይ ነበሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ሰውን ተቋም ውስጥ አስገብቶ መንከባከብን ግዴታ ያደርጋል። ቤቱ ሆኖ ረዳት እንዲያገኝ የሚያደርገው «ዌይቨር» የሚሉት ፕሮግራም ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለክፍለ ግዛቶቹ ፈቃድ ነው የተተወው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የሚቀበለውን ሰው ቁጥር ይወስናል፣ ከዚያ ያለፈው ይጠብቃል።

ስለ ቴክሳስ ግን ቶሎ ይደውሉላት፣ ቤቷን ሳትለቅ። ዌይቨር ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት አይሻገርም። ከሄደች ቨርጂኒያ ያላትን ቦታ ታጣለች፣ ቴክሳስ ደግሞ ከመጨረሻ ትጀምራለች። የቴክሳስ ዝርዝር ከአሜሪካ ረጃጅሞቹ አንዱ ነው፤ ለአንዳንዱ ፕሮግራም ከአሥር ዓመት በላይ ይጠበቃል። እዚያ መጀመሪያ የተመዘገበ ነው የሚቀድመው። ቨርጂኒያ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው በችግሩ አጣዳፊነት ነው። ስለዚህ የሆነ ነገር ሲለወጥ ማሳወቅ አለባት። እሷ ብትታመም፣ ሥራ ብታጣ፣ ልጁ ራሱን የሚጎዳ ወይም ከቤት የሚጠፋ ቢሆን፣ ኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ ለሚባለው የአካባቢዋ ቢሮ በጽሑፍ ትንገር። እኛ ሐበሾች ችግራችንን ሸፍነን «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት እንወዳለን። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ግን ደህና ነን ማለት ልጁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በፖስታ የሚመጣውን ቅጽም ሳትመልስ እንዳትቀር።

ወረፋ የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። ልጁ ሜዲኬይድ ካለው፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሐኪም ያስፈልገዋል ያለውን ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ የንግግርና የባህሪ ሕክምናም ይጨምራል። ትምህርት ቤቱም በሕግ ግዴታ አለበት፣ በነጻ፣ ለልጁ በተዘጋጀ ዕቅድ። ቨርጂኒያ ውስጥ «ሲሲሲ ፕላስ» የሚባል ሌላ ዌይቨር አለ፣ እሱ የጥበቃ ዝርዝር የለውም። ልጁ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ከፍ ያለ መሆኑ በምዘና ከተረጋገጠ ይገባል። ምዘናውን ትጠይቅ። በዌይቨር ሲገባ የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የወላጁ ደመወዝ አይደለም። እንግሊዝኛው ከከበዳት አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላት፤ ዘመድ እያስቸገረች አትሂድ።

ወደ አገር ግቢ የሚለውን እኔ አልመክርዎትም። ናፍቆትዎ ይገባኛል። ለልጁ ግን አሁን በእጁ ያለው ትምህርት ቤት እዚህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ይልቅ እርስዎ ደውለው «ልጄ፣ ምን ልርዳሽ?» ይበሏት፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ። ለክረምት ልጁን ይዛ ለጉብኝት መምጣቷም ጥሩ ነው፣ ከመነሳቷ በፊት ግን ከአገር መውጣቷ ሽፋኑን ይነካ እንደሆነ ቢሮውን ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ አባቴ ወገቡን ተጎድቶ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። የኋላ ጎማው አለቀ። ለመለዋወጫ ተመዝገቡ ተባልን። ኮብልስቶኑ ደግሞ ፊት ያሉትን ትናንሽ ጎማዎች ጨርሷቸዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ተመዝገቡ፣ ግን አትጠብቁ። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፤ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ካላመነዳሪ፣ ራጂ፣ ኩሽኔታ የእሱ ሥራ ነው። ፊት ላሉት ጎማዎችም ኩሽኔታቸውን አጽድቶ ግራሶ ቢቀባቸው ጥቂት ጊዜ ይገዛላችኋል። ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 24 የሚል የሳይክል ጎማና 24 የሚል የዊልቸር ጎማ ልካቸው አንድ ላይሆን ይችላል። በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር እዩ፤ ብዙ የዊልቸር ጎማ መጨረሻው 540 ነው፣ የተለመደው የሳይክል ጎማ ግን 507። ቁጥሩ ከጠፋ አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ ሂዱ። ወንበሩ ጥገና ላይ ሳለ አባትህን በአንድ ጎን አታስተኟቸው፤ ስሜት በሌለው ቦታ ቁስል ሳይታወቅ ይጀምራል። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፣ ማታም መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን በብርሃን እዩ። የቀላ ነገር ካለና ካልጠፋ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።