ቢግ ቴን ወይስ ኤስኢሲ? ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችና ኮንፈረንሶች ጥያቄና መልስ

የ2025 የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚወረወርበትና ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ) የውድድር ዘመን ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ባለፈው ዓመት ውጤትና በኮንፈረንሶች አቋም ላይ ያላችሁን ጥያቄ እንድታቀርቡልኝ ጋብዤ ነበር። የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው፤ የቢግ ቴን አባል የሆነው የኦሃዮ ስቴት ደጋፊም ነኝ። ሚዛኔ ወዴት ሊያጋድል እንደሚችል ታውቁ ዘንድ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አሜሪካ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በየሰኞው ስለ ኮንፈረንስ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ኮንፈረንስ የሚባለው እንደ ፕሪሚየር ሊግ ያለ ነገር ነው?

መልስ፦ ይለያል። ኮንፈረንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ለመጫወት የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው። በከፍተኛው እርከን የሚጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች ከ130 በላይ ስለሆኑ ሁሉም እርስ በርስ ሊገናኙ አይችሉም። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚያደርገው 12 ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም 8 ወይም 9ኙ ከራሱ ኮንፈረንስ አባላት ጋር ናቸው። መውረድና ማደግ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንዱ ኮንፈረንስ ወደ ሌላው የሚሄደው ተጋብዞ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለቴሌቪዥን ገንዘብ ሲል ነው። ዛሬ ቢግ ቴን 18፣ ኤስኢሲ ደግሞ 16 ቡድኖችን ይዘው ከፊት ናቸው፤ ቢግ 12 እና ኤሲሲ ይከተሏቸዋል። ከ2024 ጀምሮ ወደ ፕሌይኦፉ (የአገሪቱ ሻምፒዮን ወደሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) የሚገቡት 12 ቡድኖች ናቸው፤ ከፍተኛ ደረጃ ያገኙ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታቸው የተጠበቀ ሲሆን የቀሩትን ሰባት የሚመርጠው ኮሚቴ ነው። የባልደረቦችዎ ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው፤ ፈጽሞ ያልተገናኙ ሁለት ቡድኖችን ማወዳደር የግድ ሲሆን፣ ሰው ቡድኑን በኮንፈረንሱ ስም መመዘን ይጀምራል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጋሼ፣ እኛ የጆርጂያ ደጋፊዎች ነን። ኤስኢሲ ከ2006 እስከ 2012 ሰባት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዷል። አሁን ሁለት ዓመት ስላመለጠው ብቻ ቢግ ቴን በልጧል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ዋንጫ ብቻ ከተቆጠረ፣ የቢግ ቴኖቹ ሚቺጋን በ2023፣ ኦሃዮ ስቴት በ2024 ስለወሰዱ መልሱ አዎ ነው። እኔ ግን ይህን መለኪያ አልቀበለውም፤ ለኛ ሲያደላም አልቀበለውም። ዋንጫ የአንድ ቡድን ነው እንጂ የኮንፈረንስ አይደለም። እርስዎ የጠቀሷቸውን ሰባት ዋንጫዎች እንኳ ብንመለከት፣ ሦስቱን አላባማ፣ ሁለቱን ፍሎሪዳ፣ የቀሩትን ኤልኤስዩና ኦበርን ነው የወሰዱት፤ የሌላው የኤስኢሲ ቡድን የኬንታኪ ደጋፊ በእነዚህ ዋንጫዎች የሚኮራበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የኮንፈረንስ ጥንካሬ የሚባለው ነገር ችግሩ ራሱን በራሱ ምስክር አድርጎ ማቆሙ ነው። የአንድ ኮንፈረንስ ስድስት ቡድኖች ገና ጨዋታ ሳይጀመር በደረጃ ሠንጠረዡ ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ «ጠንካራ ቡድን አሸነፈ» ይባላል፣ የተሸነፈውም «በጠንካራ ቡድን ነው የተሸነፈው» ተብሎ ከደረጃው እምብዛም አይወርድም። በዚህ መንገድ እርስ በርስ እየተጫወቱ ሁሉም ከብረው ይወጣሉ። ይህን ክብ የሚሰብረው ከኮንፈረንስ ውጭ የሚደረግ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ያየነውም እነዚያኑ ጥቂቶች ነው። የኤስኢሲው አላባማ በቫንደርቢልት 40 ለ35፣ በኦክላሆማ ደግሞ 24 ለ3 ከተሸነፈ በኋላ እንኳ ከፕሌይኦፉ መቅረቱ ግፍ ነው ተብሎ ብዙ ተጮኸለት፤ ከዚያም ዲሴምበር 31 መደበኛውን ውድድር 7 ለ5 (7 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ) የጨረሰው የቢግ ቴኑ ሚቺጋን 19 ለ13 አሸነፈው። የኤስኢሲው ሳውዝ ካሮላይናም እንደዚሁ ሲያማርር ቆይቶ በቢግ ቴኑ ኢሊኖይ 21 ለ17 ተሸነፈ። ሌላው የኤስኢሲ ቡድን ቴነሲም ኮሎምበስ ድረስ መጥቶ 42 ለ17 ተሸኝቷል።

ይህም ሆኖ ሌላው ወገን መነገር አለበት። በ2025 የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ምልመላ ከኤስኢሲ 79 ተጫዋቾች ሲመረጡ ከቢግ ቴን የተመረጡት 71 ናቸው፤ ኤስኢሲ ይህን ያስመዘገበው ደግሞ በሁለት ቡድን አንሶ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ከላይ ያሉት ሦስትና አራት ቡድኖች ሲወዳደሩ አሁን ቢግ ቴን ይበልጣል፤ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት ሲወዳደሩ ግን ኤስኢሲ ይበልጣል። ስለ ታችኞቹ ባናወራ ይሻላል፤ የኛው ፐርዱ በገዛ ሜዳው በኖተርዳም 66 ለ7 ተቀጥቷል፣ የእናንተው ሚሲሲፒ ስቴትም በሜዳው በቶሌዶ 41 ለ17 ተሸንፏል።

ጥያቄ (ከኮሎምበስ)፦ ከኔ ቤት እስካሁን ያልተዘጋው ክርክር ይህ ነው፤ በሜዳው በሚቺጋን የተሸነፈ ቡድን ከሰባት ሳምንት በኋላ እንዴት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በከተማችን በየቡና ቤቱ ይነሣል፤ በጥንቃቄ መመለስም ይገባዋል። ኖቬምበር 30 ቀን 2024 የተደረገው ጨዋታ 13 ለ10 ነው ያለቀው፤ ሚቺጋን የማሸነፊያውን ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) የመታው 45 ሰከንድ ሲቀር ነው። ሽንፈቱ ከአቅም ማነስ የመጣ ነው ብዬ አላምንም፤ የመጣው ከአጨዋወት ምርጫ ነው። የሚቺጋን ትልቁ ጥንካሬ በመከላከል መስመሩ መሃል በቆሙት በሜሰን ግራሃምና በኬኔት ግራንት ላይ ነበር፤ ሁለቱም በኋላ በኤንኤፍኤል ምልመላ በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። ኦሃዮ ስቴት በበኩሉ ከማጥቃት መስመሩ ጆሽ ሲመንስንና ሴት ማክላፍሊንን በጉዳት አጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚመረጠው ኳሱን ወደ ዳር፣ ወደ ተቀባዮቹ ወደ ጄረማያ ስሚዝና ወደ ኤሜካ ኢግቡካ መወርወር ነው። አሰልጣኝ ራያን ዴይ ግን «በጉልበት እናሸንፋቸዋለን» በሚል እልህ ኳሱን ደጋግመው ወደ መሃል አስሮጡ፤ ቡድኑ 26 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 77 ያርድ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ዊል ሃዋርድ የወረወራቸው ሁለት ኳሶች ተጠልፈዋል፤ ሁለት ፊልድ ጎሎችም ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። ከጨዋታው በኋላ በሜዳው መሃል የሚቺጋንን ባንዲራ ለመትከል በተደረገው ሙከራ የተነሣው ጠብ ደግሞ እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር አስቀጥቷል።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ነገር በቴነሲው ጨዋታ የመጀመሪያ ሩብ ላይ በግልጽ ታይቷል። መሃሉን መደብደብ ቀርቶ ኳሱ ቶሎ ቶሎ ወደ ተቀባዮቹ መሄድ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሩብ 21 ለ0 ነው ያለቀው። በጥቅምት ወር 32 ለ31 ያሸነፈንን ኦሪገንን ደግሞ ሮዝ ቦል በተባለው ሩብ ፍጻሜ 34 ለ0 መርተን 41 ለ21 አሸነፍን። ቴክሳስን 28 ለ14 ባሸነፍንበት ግማሽ ፍጻሜ ጃክ ሶየር ኳሱን ከኳርተርባኩ እጅ አስጥሎ 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። በፍጻሜው ኖተርዳም ከ31 ለ7 ተነሥቶ 31 ለ23 ሲደርስ፣ በሦስተኛ ሙከራ ኳሱን ይዘን ለመቀጠል 11 ያርድ ሲቀረን፣ ሁሉም ሰው ሩጫ ሲጠብቅ ሃዋርድ ለስሚዝ 56 ያርድ ወረወረለት። ያ ኳስ እንዲወረወር ኖቬምበር ላይ ማንም አያዝም ነበር።

አንድ ነገር ግን መታመን አለበት። ኦሃዮ ስቴት በኮሚቴው የመጨረሻ ሠንጠረዥ ስድስተኛ ነበር፤ በቀድሞው የአራት ቡድን አሠራር ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይገባም ነበር። ሚቺጋንን አራት ዓመት በተከታታይ አለማሸነፋችን ደግሞ በዚህ ዋንጫ አይካስም፤ ይህን የማይቀበል የኮሎምበስ ሰው ካለ ሊያስረዳኝ ይምጣ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጆርጂያ በኖተርዳም የተሸነፈው ኳርተርባኩ ካርሰን ቤክ ስለተጎዳ ነው ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ በከፊል። ተተኪው ገነር ስቶክተን ያን ያህል መጥፎ አልነበረም። ጨዋታው የተበላሸው በ54 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ኖተርዳም ከዕረፍት በፊት ፊልድ ጎል መታ፣ ወዲያው ኳስ አስጥሎ ተችዳውን (ኳሱን ከግብ መስመሩ በማሳለፍ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመርም የመክፈቻውን ምት 98 ያርድ ሮጦ መለሰ። 17 ነጥብ በዚያ ፍጥነት ሲገባ የትኛውም ኳርተርባክ ቢኖር ነገሩ ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የዋሽንግተን ሃስኪስ በጃንዋሪ 2024 ለፍጻሜ ደርሰው ነበር። ወደ ቢግ ቴን በገቡበት ዓመት ግን 6 ለ7 ሆነው ጨረሱ። ኮንፈረንሱ ከበዳቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ከኮንፈረንሱ ይልቅ የከበዳቸው ባዶ መቅረታቸው ነው። ከፍጻሜው በኋላ አሰልጣኝ ኬለን ዴቦር ወደ አላባማ ሄዱ፤ ኳርተርባኩ ማይክል ፔኒክስና ዋና ዋናዎቹ ተቀባዮች ወደ ኤንኤፍኤል ገቡ። ያም ሆኖ ሚቺጋንን በሜዳቸው 27 ለ17 አሸንፈዋል። ጉዞው ግን ቀላል አይደለም፤ ከሲያትል ተነሥተው ኒው ጀርሲ ድረስ ሄደው በረትገርስ 21 ለ18 ሲሸነፉ፣ የአገሪቱን ሙሉ ስፋት አቋርጠው የተጫወቱት የኮንፈረንስ ጨዋታ ነበር። ዋሽንግተን ቀድሞ የነበረበት የፓክ-12 ኮንፈረንስ መፍረስ እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በ2022 ክረምት መውጣታቸውን ካስታወቁ በኋላ ሌሎቹም ተከታተሉ፤ በመጨረሻ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ኮንፈረንስ በዓመት ከምናምን ሲበተን ማየት የቢግ ቴን ደጋፊ ብሆንም አላስደሰተኝም።

ጥያቄ (ከኢንዲያናፖሊስ)፦ ኢንዲያና ባለፈው ዓመት ፕሌይኦፍ የገባው ቀላል ጨዋታ ደርሶት ነው ይባላል። ይህ ፍትሐዊ አስተያየት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። 18 ቡድን ባለበት ኮንፈረንስ ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ስለሚደረግ ዕጣው ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ኢንዲያና ከኦሪገንና ከፔን ስቴት ጋር አልተገናኘም፣ የገጠመው ትልቅ ቡድን ኦሃዮ ስቴትን ሲሆን 38 ለ15 ተሸንፏል። በሌላ በኩል በ2023 ዓመቱን 3 ለ9 የጨረሰውን ቡድን ተረክቦ በአንድ ዓመት 11 ለ2 ማድረስ ለአሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ትልቅ ሥራ ነው። የተሰጠህን አሸንፍ ነው ደንቡ፤ እነሱም አሸንፈዋል። የኮንፈረንስ ማበጥ ያመጣውን ጉድለት በኢንዲያና ላይ ማላከክ ልክ አይደለም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ አሁን ተጫዋች ይከፈለዋል፣ በየዓመቱም ቡድን ይቀይራል። ከእንግዲህ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው የሚያሸንፈው?

መልስ፦ ገንዘብ የሌለው አያሸንፍም ማለት ይቀለኛል። ተጫዋቾች ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ስፖርት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። ያለፈው ዓመት የኦሃዮ ስቴት ቡድንም በርካሽ የተሠራ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤታችሁን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን ተመልከቱ፤ በ2022 የአገሪቱን ምርጥ ምልምሎች ሰብስቦ ዓመቱን 5 ለ7 ጨረሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም አሰልጣኙን ለማሰናበት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ቦይሲ ስቴትና አሪዞና ስቴት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ማለፋቸው ተገቢ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም፤ ደንቡም ተቀይሯል። ሳይጫወቱ ያለፉት አራቱም ሻምፒዮኖች በሩብ ፍጻሜ ተሸንፈዋል፤ ቴክሳስን እስከ ሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ ድረስ ያስጨነቀው አሪዞና ስቴት ግን በክብር ነው የወጣው። ከ2025 ጀምሮ ያለ ጨዋታ የሚያልፉት በሠንጠረዡ ላይ ከአንድ እስከ አራት የወጡት ናቸው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ በ2025 ኮንፈረንሶችን ለመመዘን የትኞቹን ጨዋታዎች ልመልከት?

መልስ፦ ኦገስት 30 ቀን ቤትዎ ይዋሉ። በመክፈቻው ሠንጠረዥ አንደኛ የተባለው ቴክሳስ ኮሎምበስ ይመጣል፣ ኤልኤስዩ ወደ ክሌምሰን፣ አላባማም ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ኖተርዳም ማያሚን በማያሚ ይገጥማል። ሴፕቴምበር 6 ደግሞ ሚቺጋን ኦክላሆማ ይወርዳል። ሲመለከቱ ውጤቱን ብቻ አይያዙ፤ በአራተኛው ሩብ የማን መስመር ወደ ኋላ እየተገፋ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ተጠባባቂዎቹ የደከሙትን ሲተኩ ልዩነት ከታየ፣ ምልምል በብዛት ያለው የትኛው ኮንፈረንስ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ኤስኢሲም ከ2026 ጀምሮ እንደ ቢግ ቴን ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታ ለማድረግ በኦገስት 2025 ስለወሰነ፣ «እኛ ዘጠኝ እንጫወታለን፣ እናንተ ስምንት» የሚለውን መከራከሪያችንን የምንጠቀምበት የመጨረሻው ዓመት 2025 ነው።